ያላነሳኋቸው የአሸዋ ጆንያዎች

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም፣ ለእናቴ አልነገርኩም፤ ለወንድሜ ለናስር ከምነግረውማ ምላሴ ቢቆረጥ እመርጣለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። መንገድ ላይ ብታገኙኝ እጁ በግሪስ የጠቆረ የድሬዳዋ መካኒክ ነው ብላችሁ ታልፉኛላችሁ። እውነት ነው፣ መካኒክ ነኝ። በገዛ ሙያዬ ሰው የሰበርኩ መካኒክ ነኝ።

ናስር ታናሼ ነው። ባጃጅ ይነዳ ነበር። አንድ ቀን ከመልካ ጀብዱ ባዶውን ሲመለስ አብዲ የሚባል ነጋዴ በፒካፑ ከኋላው መጥቶ ገጨውና ባጃጁን ቦይ ውስጥ ከተተው። አብዲ አልቆመም። ደግሜ ልበለው፤ አልቆመም። ፍሬን ረገጥ አደረገ፣ በመስታወቱ አየ፣ ከዚያ ነዳው። ናስርን እግሩ ተጨፍልቆ ፀሐይ ላይ ሲጮህ ያገኙት ግመል ነጂዎች ናቸው። እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ሐኪሙ «ቶሎ ደርሶ ቢሆን ኖሮ» ብሎ ሳይጨርሰው ወደ ሌላ በሽተኛ ዞረ። እኔ ያቺን ያላለቀች ንግግር ይዤ ከሆስፒታል ወጣሁ፤ እስከ ዛሬም አላስቀመጥኳትም።

ሽማግሌዎች ገቡ። ሁለቱ ቤተሰብ ፊት ለፊት ተቀመጠ። አብዲ አለቀሰ፤ ደንግጬ ነው የሸሸሁት አለ። ናስር በክራንቹ ተነስቶ አቀፈው። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔም እጄን ዘርግቼ «ይቅር ብያለሁ» አልኩ፤ ዱዓ ተደረገ፣ አሚን አልኩ። አፌ ነው ያለው፣ ሆዴ አላለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኛ ቤት ግን የተወጋው ረስቶ፣ ያልረሳሁት እኔ ነበርኩ።

ጥቂት ቆይቶ አብዲ ፒካፑን ይዞልኝ መጣ። ከተማው መካኒክ ሞልቶታል፤ እሱ ግን እኔ ዘንድ መጣ። «የታረቁትን ሰው ካላመኑ ምኑን ታረቁት?» አለኝ። ከሁርሶ ወዲያ ላለው ገጠር ዱቄትና ስኳር ያደርሳል፤ መንገዱ ድንጋይና አሸዋ ስለሆነ ባሌስትራ፣ ጭነቱን የሚሸከመውን ንብርብር ብረት፣ አስጨምሮ መኪናውን ከፍ አስደርጎታል። ከዚያ ወዲህ ከስሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ምን እንደሆነ ገና ሳልጎነበስ ገብቶኛል። መኪና ከፍ ሲል ከካምቢዮ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል ኃይል የሚወስደው ሻፍት ቁልቁል ይዘነብላል። ጫፍና ጫፉ ላይ መታጠፊያ አለው፤ ክሮቸራ እንለዋለን። ሁለቱ ክሮቸራዎች እኩል ከታጠፉ አንዱ ያንገራገጨውን ሌላው ያስተካክለዋል። እኩል ካልሆኑ ሻፍቱ ራሱን እየበላ ይሄዳል። እኩል የምናደርጋቸው ባሌስትራው ስር ሽብልቅ ከተን የዲፈረንሻሉን አንገት፣ ሻፍቱን የሚቀበለው ጥርስ፣ ፒኞኑ፣ ያለበትን፣ ቀና በማድረግ ነው። ይህን ማንም መካኒክ ያውቃል። እኔን ያሰለጠኑኝ ሽማግሌ ግን አንድ ነገር ጨምረውልኛል፦ የጭነት መኪና በባዶው አይለካም። ሲጫን ባሌስትራው ይተኛል፣ የፒኞኑም አንገት አብሮ ይዞራል። ለዚህ ብዬ ጋራዤ ጥግ የአሸዋ ጆንያዎች አስቀምጫለሁ። መጀመሪያ እነሱን እጭናለሁ፣ ከዚያ እለካለሁ።

የአብዲ ቀን ጆንያዎቹን አላነሳሁም።

ባዶውን ለካሁ። ባዶውን ልክ የሚሆንበትን፣ ሲጫን ግን የሚጣመምበትን ሽብልቅ መርጬ አስገባሁ። ከዚያ አብዲን ጠርቼ የማዕዘን መለኪያውን አሳየሁት፤ ፊትና ኋላ እኩል ነበር። ማን ሊከሰኝ? መለኪያው ራሱ ምስክሬ ነው። እሱ ግን ወደ ጥጉ ዞሮ አየ።

«አቦ፣ ጆንያዎቹስ? አሸዋ ጭኖ ነው የሚለካው ይሉሃል።»

«ያንተ ባሌስትራ አዲስ ነው፤ አይተኛም» አልኩት።

«አንተ ታውቃለህ ወንድሜ» አለኝ። ወንድሜ አለኝ! ባዶውን ነድቶ ሞከረው፤ ጸጥ አለለት። መርቆኝ ሄደ።

ለራሴ፣ ያደረግኩት መኪናው ተበላሽቶበት በረሃ ላይ ቆሞ ይጩህ፣ የሚያልፈውም አይቁምለት ብዬ ብቻ ነው እያልኩ ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። ሻፍት በፊቱ በኩል ተበጥሶ ከወደቀ መሬት ላይ እንደሚተከልና መኪና እንደሚገለብጥ አላውቅም ነበር? አውቃለሁ። ሽብልቁን ሳጠብቅ አውቃለሁ። ብሎኑን አንድ በአንድ ሳስር አውቃለሁ።

ከሁርሶ ወዲያ ቁልቁለት ላይ፣ እንደተጫነ፣ ሻፍቱ ተበጠሰ። መኪናው ተገለበጠ። አብዲ ወገቡን ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ ቆሞ አልሄደም። ወሬውን ስሰማ ምን ተሰማኝ? ደስ አለኝ። ደንግጬ ነበር ብላችሁ ታስቡልኝ ይሆናል፤ አታስቡልኝ። ያን ቀን ምሳዬን በደንብ በላሁ።

የሻፍቱን ስብራት ያየ ሌላ መካኒክ የክሮቸራዎቹ ልክ ጥሩ አልነበረም ብሎ ነበር። አፉን ያስዘጋው ማን መሰላችሁ? አብዲ። «ወላሂ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ልክ ነበር» ብሎ ማለልኝ። በእኔ ክፋት ላይ እሱ መሐላ ገባ።

አሁን ከዚራ ሰፈር፣ እህቱ ቤት በረንዳ ላይ ተኝቶ ይውላል። ናስር አርብ አርብ ይጠይቀዋል፤ እኔንም ይዞኝ ይሄዳል። እምቢ ብል ምን ብዬ? ባለፈው እንደተቀመጥን አብዲ የናስርን እጅ ያዘና «ማንም አልበደለኝም። የያዘኝ ያንተ እግር ዕዳ ነው። በረሃ ጥዬህ ሄድኩ፣ አላህ በረሃ ላይ ጣለኝ። ፍርዱ ትክክል ነው» አለው። ናስር ተንሰቅስቆ አለቀሰ። «እንዲህ አትበል፣ እኔ እኮ ካንጀቴ ነው ይቅር ያልኩህ፤ አላህ እንዴት በእኔ ስም ይቀጣሃል?» ይለዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ወንድሜ እንቅልፍ የለውም። ይቅርታዬ አላህ ዘንድ አልደረሰም ይላል። እኔ ይህን አጠገቡ ተቀምጬ እሰማለሁ፣ ሻዬን እጠጣለሁ።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት። መስጊድ እገባለሁ፣ ግንባሬን መሬት አስነካለሁ፣ ባጃጁ የወደቀበትን ቦይ ሳስብ ግን ንዴቴ ዛሬም ትኩስ ነው። አልቆመም እላለሁ፤ አልቆመም። እኔስ ቆምኩ? እሱ ደንግጦ ነው የሸሸው፤ የቅጽበት ነገር ነው። እኔ አልደነገጥኩም። ረፋዱን ሙሉ መኪናው ስር ተኝቼ ነበር፤ መቆም የምችልበት ጊዜ ሞልቶኝ ነበር፤ ጆንያዎቹስ ብሎ እሱ ራሱ አስታውሶኝ ነበር።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታ የምትሰጡት እናንተ አይደላችሁም፣ እኔም ለመቀበል ገና ንዴቴን አልጣልኩም። የምፈልገው አንድ ሰው እንኳ እንዲያውቀው ብቻ ነው። አብዲ አላህ ፈረደብኝ ይላል፣ ናስር አላህ ይቅርታዬን አልሰማም ይላል። አላህ እዚህ ውስጥ የለበትም። እኔ ነኝ።