አንድ ዓመት የጨመረው እጅ

ወላጆች «አጉሊ መነጽር» እያሉ የሚያሟቸው የትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ሹም፣ ማኅተም የሌለው ወረቀት ይቅርና ማኅተም ያለውንም አያምኑም ነበር። አንድ ቀን ልጇን ይዛ ባሏ ወዳለበት አገር ልትሄድ የተነሣች ልብስ ሰፊ መጣች።

«ጋሼ፣ ልጄን እዚያ ያለው ትምህርት ቤት በዕድሜዋ ቆጥሮ ስድስተኛ ክፍል መደባት። እሷ ገና አራተኛን መጨረሷ ነው። ዐሥር ዓመቷ ነው ብለው ይጻፉልኝ።»

«ወረቀቷ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው ይል የለም? ሰው ልጁን ወደ ላይ ይገፋል፤ አንቺ ወደ ታች ትጎትቻለሽ። ነገሩ አልጣመኝም!»

«ኧረ ጋሼ! ዕድሜዋ እኮ በእውነትም ዐሥር ነው፤ ያልተማረችው ክፍል ገብታ እንዳትደናበር ብዬ ነው።»

ሹሙ የተደለዘ ነገር አላጣም ብለው የድሮውን መዝገብ ገለጡ። አላጡምም። በልደቷ ዓመት ላይ የተደለዘው ቁጥር ግን የራሳቸው የእጅ ጽሑፍ ነበር። ያኔ ወንድሟ ሲመዘገብ ልጅቷ «እኔም እማራለሁ» ብላ በሩን ይዛ ስታለቅስ፣ አንጀታቸው አልችል ብሎ አንድ ዓመት ጨምረውላት ነበር።

«ለካ ሌባው የቤት ነው!» አሉና ብዕራቸውን አነሡ። «ዕድሜዋን የጨመርሁት እኔ ነኝ፤ አምስተኛ ክፍል ትግባ» ብለው ጻፉ። ማኅተሙንም ሁለት ጊዜ መቱበት፤ እዚያም እንደ እሳቸው ያለ ተጠራጣሪ አይጠፋምና።