የባቡሩ ሰንሰለትና የግቢያችን ቧንቧ

«ወዳጅህ ከተነካ ማን ጀመረው ብለህ አትጠይቅ።» አባቴ ይህን ሳይል የዋለበት ቀን ትዝ አይለኝም። ወደብ ላይ ጆንያ ተሸካሚ ነበር፤ ጆንያ ደግሞ ብቻህን የምታነሳው ነገር አይደለም፤ የሚያሸክምህ ሰው ካጣህ ወገብህ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ለእሱ ቃል መስጠት የእንጀራ ጉዳይ ነበር። እኔም ልጅ ሳለሁ ይህን አባባሉን ከጸሎት እኩል ይዤው ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

የምንኖረው እዚሁ ጅቡቲ፣ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ስድስት ቤተሰብ ባለበት አንድ ግቢ ውስጥ ነበር። ቧንቧው አንድ ነው፤ ውሃውም የሚመጣው አመሻሽ ላይ፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ። በሙቀቱ ወራት መብራት ሲጠፋ ቤት ውስጥ መቀመጥ ስለማይቻል ሁሉም ምንጣፉን ይዞ ደጅ ይወጣል። ያኔ አባባ በየነ ፋኖሳቸውን አብርተው ደጃቸው ካለው እንጨት ላይ ይቀመጣሉ። እንጨቱ ከባቡር ሐዲድ ሥር የሚነጠፈው ዓይነት ወፍራም ግንድ ነበር፤ ሲሞቅ ዘይት ዘይት ይሸታል። አባባ በየነ ከድሬዳዋ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የባቡር ፉርጎን ከፉርጎ በሰንሰለት ሲያያይዙና ሲፈቱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከግራ እጃቸው ሁለት ጣት የላቸውም። ዓሣ የተጠበሰበት ፍም ገና እየቀላ፣ ጭሱ ከባሕሩ ሽታ ጋር ተደባልቆ ግቢው ውስጥ እያንዣበበ ተረት ይነግሩናል፤ ትልልቆቹም ያልሰሙ መስለው በየደጃቸው ሆነው ይሰማሉ።

እኔና ሮብሌ ሁልጊዜ አንድ ምንጣፍ ላይ ነበርን። ሮብሌ ፊት ለፊታችን የሚኖሩት የሶማሌ ቤተሰብ ልጅ ነው። እሱ አማርኛን ከእናቴ ተማረ፣ እኔ ሶማሊኛን ከእናቱ፤ የማን ቤት ምሳ እንደበላንም ማንም አይቆጥርብንም ነበር።

አንድ ምሽት አባባ በየነ በጨው ሐይቅ ዙሪያ ስለነበሩ ነገሥታት ነገሩን። ሁለት ትንንሽ ባላባቶች በአንድ የውሃ ጉድጓድ ገመድ ተጣሉ። አንዱ «ከተነካሁ ድረስልኝ» ብሎ ቃል ያስገባውን ንጉሥ ጠራ፤ ሌላውም የእሱን ጠራ። እነዚያም በተራቸው ቃል ያስገቧቸውን ጠሩ። እንዲህ እንዲህ እያለ ጥሪው ያንን ጉድጓድ በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ንጉሥ ጋ ደረሰ። እሱም ሠራዊቱን አስከትሎ ሰባት ቀን ተጓዘ። መንገድ ላይ አንዲት ፍየል ጠባቂ ሴት «ለመሆኑ የጉድጓዱ ውሃ ይጥማል?» ብትለው፣ «እኔ ምን አውቄ፤ ቃል ሰጥቻለሁ» ብሏት አለፈ። እኔና ሮብሌ በዚህ ንጉሥ ሳቅን፣ ምንጣፉ ላይ እስክንንከባለል ሳቅን። ከዚያ ጦርነት ሆነ፣ ጉድጓዱም በድንጋይ ተሞላ። ያሸነፉት የተሸነፉትን «ጉድጓዱን ብቻችሁን ጥረጉ፤ ስትጠጡም ከሁሉ ኋላ ጠጡ» ብለው ፈረዱባቸውና ዕርቅ ወረደ ተባለ። አባባ በየነ እዚህ ላይ አቆሙ። መጨረሻውስ ብንላቸው ሌላ ቀን አሉን።

ሁለት ቀን ሳይሞላ የግቢያችን ጎረቤቶች እትዬ አስካለና እትዬ ፋጡማ በጀሪካን ተራ ተጣሉ። አንዷ የሌላዋን ጀሪካን ገፋች፣ ነገሩ ይኸው ነው። የፋጡማ ባል ወጥቶ የአስካለን ባል ገፈተረው። የአስካለ ባል ደግሞ ወደብ ላይ ለአባቴ ጆንያ የሚያሸክመው ሰው ነው፤ አባቴ ማን ጀመረው ሳይል ተነሳ። የሮብሌ አባት ከፋጡማ ባል ጋር ቃል ነበራቸው፤ እሱም ተነሳ። እኔ አባቴ ሲነሳ አይቼ ድንጋይ አነሳሁ። ፊት ለፊቴ የነበረው ሮብሌ ነው፤ የአባቱን ሸሚዝ ይዞ ወደኋላ እየጎተተው ነበር። ወረወርኩ። ከቅንድቡ በላይ አገኘው። አላለቀሰም፤ ስሜን ብቻ ጠራ፣ «ዘሪሁን» አለኝ፣ እኔ መሆኔን ያላመነ ይመስል።

የሰፈር ሽማግሌዎች መጥተው አስታረቁን። በኛ በኩል የቆመው ሰው ስለበዛ ጥፋቱ በነፋጡማ ላይ ሆነ፤ የሙቀቱ ወራት እስኪያልፍ እነሱና የነሮብሌ ቤት ውሃ ከሁሉ በኋላ እንዲቀዱ ተፈረደ። እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። ጠብ የለም፣ ሰላምታም የለም። ሮብሌ ግንባሩ ታሽጎ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ይቆማል፤ እሱ ጋ ሲደርስ ቧንቧው ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። እኔ ከፊት ሞልቼ ሳልፍ መሬት መሬቱን አያለሁ። እናቴ እንዳላናግረው ከልክላኛለች፤ የእሱም እናት እንደዚያው።

ከሳምንት በኋላ መብራት ጠፋ። ምንጣፎቹ በሁለት ወገን ተነጥፈው ነበር፤ ፋኖሱ መሐል ላይ ቀረ። አባባ በየነ ማንም ሳይጠይቃቸው ያቋረጡትን ተረት ቀጠሉ። የተሸነፉት በዓይናቸው እንባ፣ በልባቸው ቂም ይዘው ጉድጓዱን ጠረጉ፤ ልጆቻቸው ሲያድጉ ለሌላ ጦርነት ቃል የሚገባላቸው ወዳጅ መፈለግ ጀመሩ አሉ። ከዚያ ተረቱን ትተው ስለ ሥራቸው አወሩ። ሰንሰለት ተወጥሮ ሳለ ማንም አይፈታውም። ፉርጎዎቹ እንዲለያዩ ፈልገህ ወዲያና ወዲህ ብትስብ ጭራሽ ይጠብቃል፤ ጣቶቻቸውም የሄዱት አንድ ቀን በጉልበት ሊፈቱት ሲሞክሩ ነው። መጀመሪያ ፉርጎዎቹ ይበልጥ መጠጋጋት አለባቸው። ሲጠጋጉ ሰንሰለቱ ይላላል፣ ያኔ በአንድ እጅ ይፈታል።

አባቴ ከደጃችን ሆኖ፣ «እሺ አባባ፣ ማንኛው ነው ታዲያ የሚጠጋው?» አለ።

አባባ በየነ የፋኖሱን ብርሃን ዝቅ አደረጉት። «ሞተሩ ያለው በየትኛው በኩል ነው? ጉልበት ያለው እሱ ነው፤ እሱ ይጠጋል» አሉ።

 በማግስቱ አመሻሽ አባቴ ጀሪካናችንን ከፊት አንስቶ ሄዶ ከሮብሌ ጀሪካን ኋላ አስቀመጠው። የአስካለ ባል፣ ያ ወዳጁ፣ ሁሉም እየሰማ «ካድከኝ» አለው። ከዚያ በኋላ አባቴ ለብዙ ጊዜ ጆንያ የሚያሸክመው አጥቶ ወገቡን እየያዘ ሲገባ አይቻለሁ። ያንን አባባሉንም ዳግመኛ ከአፉ አልሰማሁም።

እኔ ከሮብሌ ኋላ ቆምኩ። በመጀመሪያው ቀን ቀድቶ ዞር ብሎ ሳያየኝ ሄደ። በሁለተኛውም። በሦስተኛው ቀን ሞልቶ ሲጨርስ ጀሪካኑን መሬት አስቀምጦ የእኔ እስኪሞላ ቆሞ ጠበቀኝ። እኔ ግን «ይቅር በለኝ» ሳልለው ጀሪካኔን አንስቼ ገባሁ። ነገ እለዋለሁ እያልኩ ከረምኩ። ሙቀቱ ሲበርድ ቤተሰቡ ግቢውን ለቆ ወጣ፤ ወዴት እንደሄዱም የነገረኝ የለም።

ዛሬ ነፃ የንግድ ቀጠናው ውስጥ መጋዘን ላይ ዕቃ እጭናለሁ። ትምህርቴ ትንሽ ነው፣ የመንግሥታትን ነገር አላውቅም። በዚሁ ከተማችን ምኒልክ አደባባይ ላይ፣ እዚህ ጦር ሰፈር የተከለው የስንቱ አገር ወታደር በሲቪል ልብሱ ዳቦ ሲገዛ ሳይ ግን፣ ይህ ልጅ ለየትኛው ጉድጓድ ይሆን ቃል የተገባበት እላለሁ። በልቤም እጸልይለታለሁ። ማለዳ ስጸልይ ይቅርታ የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ሮብሌ ይመጣብኛል።

ባለፈው ሰሞን የቀጠናው በር ላይ አዲስ የተመደበች ወጣት የመግቢያ ወረቀቴን ተቀበለችኝ። ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። ስሜን አነበበች፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ ካርቲዬ ሁለት የባቡር ሠራተኛው ሽማግሌ የነበሩበት ግቢ ነው ወይ ያደግከው ብላ በሶማሊኛ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ወረቀቱን ሳትመልስልኝ፣ ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ፦

«እኔ የሮብሌ ልጅ ነኝ። አባቴን ግንባርህ ላይ ያለው ጠባሳ ምንድነው ስንለው፣ ‹ዘሪሁን የሚባል ወንድሜ የአባቱን ቃል ሲጠብቅ በድንጋይ ያገኘኝ ነው› ይለናል። ቤታችን ሆዳን ሰፈር ነው፤ ማታ ማታ ደጅ ይቀመጣል።»