ከወልድያ ውርጌሳ ይዤው የዞርሁት ደብዳቤ

ፖስታ ቤቱ ከቢሮዬ በር መቶ እርምጃ አይርቅም። ቴምብሩም በመሳቢያዬ ነበር። ታዲያ ያን ደብዳቤ ለምን አልላክሁትም? ለምን በእጄ ይዤው አውቶቡስ ተሳፈርሁ? ራሴን ደጋግሜ ጠይቄ መልስ አጥቻለሁ፤ ዛሬም አላገኘሁትም። መንገዱን ግን አስታውሰዋለሁ። ውለታው አለብኝና እንደ ሆነው አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ወልድያ

ኅዳር ነው። የአውቶቡሱ መስኮት ጤዛ ለብሷል። ሾፌሩ፣ ሰፊ ትከሻና ቀላል ሳቅ ያላቸው ሰው፣ መስተዋቱን በጋቢያቸው ጫፍ ይወለውላሉ። ጣሪያው ላይ የምስር ኩንታል፣ የበርበሬ ጆንያና እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች ተጭነዋል።

«እትዬ፣ ያችን ቦርሳ ወደ ላይ እናውጣት?»

«አይሆንም፤ ወረቀት ነው ያለበት።»

«ወረቀት! እንዲያ አቅፈው ሲይዙት እኔ ሕፃን መስሎኝ፣ አያለቅስም ወይ ስል ነበር።»

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ ቦርሳዬን ይበልጥ ጠበቅ አደረግሁ።

ወልድያ ባለው የተልእኮ ትምህርት ቅርንጫፍ አራሚ ነኝ። ተማሪዎቻችን ሱቅ ጠባቂዎች፣ ገበሬዎች፣ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ትምህርቱን በፖስታ እንልክላቸዋለን፤ መልሱን ጽፈው ይመልሱልናል፤ እኔ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ እልክላቸዋለሁ። አራሚና ተማሪ እንዳይገናኙ ደንብ አለ፤ አድልዎ እንዳይገባ ነው። ስለዚህ አራት ዓመት ሙሉ የአንዳቸውንም ፊት ሳላይ አስተምሬያለሁ።

ከመርሳና ከውርጌሳ የሚጽፉልን ተማሪዎች አሥራ አንድ ናቸው። ሰሞኑን የአሥራ አንዱም ወረቀት በአንድ እጅ ተጽፎ መጣ። ቀለሙ አንድ፣ ኅዳጉ አንድ፣ ሌላው ቀርቶ ከሒሳቡ መልስ ግርጌ «ከታላቅ አክብሮት ጋር» የሚል ሐረግ ሁሉም ላይ አለ። የሚያሾፉብኝ መሰለኝ። እኔ አንደኛ ክፍል የገባሁት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የጎረቤቶቼ ልጆች ከተቀመጡበት አግዳሚ ላይ። እያንዳንዷን ፊደል በላብ ነው ያገኘኋት። ኩረጃ ሲባል ደሜ ይፈላል። ስለዚህ «ተኮራርጀዋል» ብዬ ለኃላፊያችን ጻፍሁ።

እሱም ፈረመ። አሥራ አንዱ ከመዝገብ እንዲሰረዙ፣ ዘንድሮም ለስምንተኛ ክፍል ፈተና እንዳይቀመጡ። በእሱ አልፈርድም። ከቆቦ እስከ ውርጌሳ ያለው ተማሪ ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ የጽሕፈት መኪናና በእሱ አንድ ማኅተም ነው የሚተዳደረው። ወደ ተማሪዎቹ የሚወጣበት መኪና ይሰጠን ብሎ ሦስት ጊዜ አመልክቷል፤ ሦስቱንም ጊዜ «ወደፊት ይታሰብበታል» ተብሏል። ከተማሪዎቹ የሚያውቀው ወረቀታቸውን ብቻ ነው። እኔም ከእሱ አልሻልም።

ሰኞ ደብዳቤውን ሰጥቶኝ «ዛሬውኑ ይላክ» አለኝ። እኔ ግን መርሳ ዘመድ ታሞብኛል ብዬ የሦስት ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ። መርሳ ዘመድ የለኝም።

አንድ ሰዓት ካሩብ፤ ሲሪንቃ

ጎማ ተነፈሰ። ሾፌሩ ጋቢያቸውን አውልቀው መኪናው ሥር ገቡ፤ እኛ ወረድን። ማሽላው ደርሷል፤ ቀዩም ነጩም ራሱን ደፍቷል። ማማ ላይ የቆሙ ጠባቂዎች ወንጭፍ ያጮኻሉ፤ የወፉ መንጋ ተነሥቶ ሌላ ሰው ማሳ ላይ ያርፋል፤ እዚያም ይጮኽበታል። አንዲት ሴት የተጠበሰ የማሽላ እሸት በቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ። ልከፍላት ስል «መንገደኛ ነሽ፤ ብይ» ብላኝ ወደ ሌላው ዞረች።

«መርሳ ማን ጋ ነው የሚወርዱት?» አሉኝ ሾፌሩ ከመኪናው ሥር።

ከተማሪዎቹ የፖስታ አድራሻ አንዱ ትዝ አለኝ። «አስካለ፤ ባለሱቋ።»

«ተማሪዋ!» ጭንቅላታቸውን አወጡ። «ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ልትፈተን እኮ ነው! ጨው እየመዘነች ታጠናለች። ባለፈው ግማሽ ኪሎ ስኳር ስጪኝ ብላት፣ መጀመሪያ ግማሽን በሩብ አካፍልልኝና አለችኝ። ስኳሩን ትቼላት ወጣሁ።»

የተረፈውን እሸት በቅጠሉ መልሼ ጠቀለልሁት።

ሁለት ሰዓት ተኩል፤ መርሳ

እዚህ ብርዱ የለም፤ ሹራቤን አወለቅሁ። የመንገዱ ዳርና ዳር ብርቱካንና ፓፓያ ተደርድሯል። የአስካለ ሱቅ ሰማያዊ በር አለው። ሚዛኑ ጎን መጽሐፍ ተከፍቶ፣ ገጹ እንዳይገለበጥ የሁለት መቶ ግራም ድንጋይ ተጭኖበታል። አስካለ ረጅም ሴት ናት፤ ሹሩባዋ ውስጥ እርሳስ ሰክታለች።

«ምን ልስጥዎ?»

«ከወልድያ ነው የመጣሁት። ከተልእኮ ትምህርት ቢሮ።»

እጇ ሚዛኑ ላይ ደረቀ። «ምነው? ፈተናው ቀረ?»

ደብዳቤውን ላወጣ እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ። ያወጣሁት መሐረብ ነው። «አራሚዋ ነኝ» አልሁ።

«ቀዩ እስክሪብቶ?» ከባንኮኒው ዞራ መጥታ ሁለት ትከሻዬን ያዘችኝ። «እርስዎ ነዎት? እኛ እኮ ሽበታም ሽማግሌ ነበር የመሰሉን! ‹እኚህ ሰውዬ ሚስት የላቸውም መሰል፣ እንዲህ የሚቆጡን› እያልን ስንስቅብዎ!»

ከተቀመጥሁ በኋላ ስለ ጽሕፈቱ ጠየቅኋት። አንዳችም ሳትደነግጥ ከመደርደሪያው ሥር አንድ እቅፍ ወረቀት አወጣች። የስኳር መጠቅለያ ነው፤ ውስጡ በእሷ እጅ፣ በጎበጠች ፊደል፣ ተሠርቶ ተሰርዞ እንደገና ተሠርቷል።

«ይኼ የኔ ነው። ሌሎቹም የየራሳቸው አላቸው። ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር ለመንግሥት ይላካል? መምሪያውስ ‹መልሱ በጥሩና በንጹሕ ጽሕፈት ይቅረብ› ይል የለ? መርሳ ውስጥ ከጋሽ ይመር የሚበልጥ ጽሕፈት ያለው ሰው የለም። አቤቱታ ጸሐፊው ናቸው። እኛ እንሠራለን፣ እሳቸው ይገለብጡልናል።»

ያችን የመምሪያ መስመር ዘንድሮ ያስጨመርሁት እኔ ነኝ። የቅቤ ወዝና የወጥ ጠብታ ያለበት ወረቀት ማንበብ ሰልችቶኝ። «በገዛ እጃችሁ» የሚል ቃል አልጨመርሁም፤ ይህንም መጻፍ ያስፈልጋል ብዬ አላሰብሁም። በእኛ አገር ደግሞ ለሹም የሚሄድ ወረቀት የሚጻፈው በሚያውቅበት ሰው እጅ ነው። አባቴም እንዲያ ነበር የሚያደርጉት።

መጠቅለያውን አገላበጥሁ። ሁለት ሦስተኛና አንድ አራተኛን ደምራ ሦስት ሰባተኛ አድርጋዋለች፤ ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ። ስሕተቱን አውቀዋለሁ። በቀይ ያሰመርሁበት እኔ ነኝ።

ጋሽ ይመር ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣ በጥቁር ጃንጥላ ሥር፣ ትንሽ ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል። ስድሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ኮታቸው እስከ አንገት የተቆለፈ። አስካለ ማንነቴን ስትነግራቸው ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ጽሕፈቴ ይነበባል፣ ልጄ?»

«በጣም ይነበባል፣ ጋሽ ይመር።»

«የኅዳጉን አጣጣል አየሽልኝ?»

«አየሁ።» ከዚያ ሳላስበው «ሒሳቡንስ እርስዎ አያርሙላቸውም?» አልሁ።

«እኔ? እኔ ሒሳብ ከየት አውቄ! ያመጡልኝን እገለብጣለሁ። ሲሳሳቱ ስሕተቱን አሳምሬ እጽፈዋለሁ።»

«‹ከታላቅ አክብሮት ጋር› የሚለውስ?»

«እሱ የኔ ነው» አሉ ኮራ ብለው። «ያለ እሱ ወረቀት ራቁቱን ነው የሚሄድ።»

በዚያው ጊዜ አንድ ገበሬ አቤቱታ ሊያስጽፉ መጡ። የድንበር ጠብ ነው። ጋሽ ይመር ብዕራቸውን አስቀምጠው ሰሙ፤ ሲያልቅ «እንደገና ንገሩኝ» አሉ። ገበሬው ተቆጡ፤ ግን ነገሩ። ብዕሩ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

«ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ያስነግራሉ?» አልሁ።

«ሰው መጀመሪያ ሲነግርሽ የሚያምርለትን ነው። ነገሩ የሚወጣው በሁለተኛው ነው።»

ደብዳቤውን አልሰጠኋቸውም። ማታ አስካለ የራሷን አልጋ ለቀቀችልኝ፤ ባሏ «ሚስቴን ሽማግሌ ያስመሰሏት እርስዎ ነዎት? ‹ደግመህ አስብ› እያለች ቤቱን አስጨነቀችን» ብሎ አሳቀን። ከዚያ በላይ የጣፈጠኝ የሽሮ ወጥ አላስታውስም፤ ከዚያ በላይ የከበደኝም።

ረቡዕ፣ ሦስት ሰዓት፤ ውርጌሳ

የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ገብቼ ውርጌሳ ደረስሁ። ከአሥራ አንዱ አንዱ ሰይድ ናቸው፤ የመንገድ ሠራተኛ፤ ዕድሜያቸው አርባን ዘልሏል። መንገድ ዳር ጠጠር ሲበትኑ አገኘኋቸው። ማን መሆኔን ስነግራቸው አካፋቸውን አስደግፈው እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ።

«አልሐምዱሊላህ! የኔታ ራሳቸው መጡ!»

እንደ ቄስ መምህር «የኔታ» ስባል የመጀመሪያዬ ነው። ቤታቸው ወሰዱኝ፤ ማር በወጭት አቀረቡልኝ። ከአልጋቸው በላይ ግድግዳው ላይ እኔ ያረምኋቸው ወረቀቶች በሊጥ ተለጥፈዋል። ቀዩ ጽሕፈቴ ሩቅ ድረስ ይታያል።

«ይችን ያዩዋታል?» ጣታቸውን አንዲት ወረቀት ላይ አሳረፉ። «‹ደግመህ ሞክር› ብለው ጻፉልኝ። እኔ በዕድሜዬ ‹ተው›፣ ‹ሂድ›፣ ‹ዝም በል› ተብያለሁ። ደግመህ ሞክር ያለኝ ሰው አልነበረም።»

ለጋሽ ይመር ለማስገልበጥ መርሳ ድረስ በእግራቸው ነው የሚሄዱት። ስምንተኛን ካለፉ ካቦ፣ የሠራተኞቹ አለቃ፣ እንደሚሆኑ ተነግሯቸዋል።

«ካቦ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?»

«የአሁኑ ካቦ ከመኪናው አይወርድም፣ የኔታ። ክፉ ሰው አይደለም። ግን ጉድጓዱን በመስኮት ያየውና ‹ሙሉት› ብሎ ያልፋል። ውኃ ከየት እንደሚመጣበት አያይም። ክረምት ሲመጣ ያው ይፈርሳል። እኔ እወርዳለሁ።»

የማሩን ወጭት ወደ እሳቸው ገፋ አደረግሁት። ስሰናበታቸው አስፋልቱ ድረስ ሸኙኝና ያለፈውን የጭነት መኪና ሁሉ እያስቆሙ ሾፌሩን «ቀስ ብለህ ትነዳለህ?» እያሉ ጠየቁልኝ። በአራተኛው ተሳፈርሁ።

ሐሙስ፣ አራት ሰዓት፤ መርሳ

ወደ ወልድያ የሚመለሰው አውቶቡስ የማክሰኞው ነው። ሾፌሩ ሲያዩኝ «ሕፃኑ ደኅና ነው?» አሉኝ ቦርሳዬን እያዩ። አስካለ አንድ ከረጢት ብርቱካን አሸክማኝ ነበር። አውቶቡሱ ላይ አስቀመጥሁትና «አንዴ ብቻ ይጠብቁኝ» አልኋቸው።

«ሻይ እስክጠጣ ነው። ከዚያ በላይ ንጉሡም ቢመጡ አልጠብቅ።»

ጋሽ ይመር ጃንጥላቸውን ገና መዘርጋታቸው ነው። ከጠረጴዛው ፊት፣ ባለጉዳይ በሚቀመጥባት ዱካ ላይ ተቀመጥሁ። ደብዳቤውን አውጥቼ አስቀመጥሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ ማኅተሙ አነበቡት፤ የአሥራ አንዱን ስም ሲያነቡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

«ይኼን ማን ነው የጻፈ?»

«የፈረመው ኃላፊያችን ነው። ተኮራርጀዋል ብዬ የነገርሁት ግን እኔ ነኝ። ጽሕፈቱ አንድ ሆኖ አገኘሁት፤ የእርስዎን ልማድ አላውቅም ነበር። ደንቡም አያገናኘንም። እንዲያ ሆኖ ነው የተሳሳትሁት። ደብዳቤው መኖሩን እዚህ ለማንም አልተናገርሁም።»

ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ደብዳቤውን አጥፈው ወደ ጎን አደረጉት፤ ንጹሕ ወረቀት አወጡና ኅዳጉን በጣታቸው ጥፍር አሰመሩ። ብዕሩን ግን አላነሡትም።

«ለአለቃሽ እንጽፋለን» አሉ። «እንደገና ንገሪኝ።»

ከመንገዱ ማዶ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ጮኸ።

«ጋሽ ይመር» አልሁ፤ «ስሕተታቸው የተለያየ ነበር። አስካለ ክፍልፋይ ላይ ነው የምትሳሳተው፤ ሰይድ ማካፈል ላይ። የሚኮራረጅ ሰው ስሕተቱም አንድ ነው። ያን ጊዜውኑ፣ በቀይ ሳሰምርበት አይቼዋለሁ። አይቼ እያለሁ፣ እኔ ዓመታት የለፋሁበትን ጽሕፈት እነሱ በአንድ ቀን ያገኙት መስሎኝ፣ ተናድጄ ጻፍሁ።»

ጥሩምባው ደግሞ ጮኸ። ጋሽ ይመር ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ብዕራቸውን አነሡና ቀለም ነከሩ።