የሸማኔው ግራ እግር

የቀበሌ ጥበቃዎች የያዙኝ በደብተሬ ምክንያት ነው። ጉለሌ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ነበርኩ። ውሻ ነክሷቸው በየቀኑ ሆዳቸው ላይ መርፌ የሚወጉ ሰዎችን እከታተል ነበር። የያኔው መርፌ አልፎ አልፎ የአንዳንዱን ሰው ነርቭ ይነካና እግር ያዝላል፤ ቶሎ ካልቆመ ሽባ ያደርጋል። በደብተሬ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ እግሩ ለዛለበት ሰው ደግሞ ከጎኑ ምልክት አደርግ ነበር። መርማሪው የሚገደሉ ሰዎች ዝርዝር መሰለው። እውነቱን ስነግረው ይባስ ተቆጣ።

«የመንግሥትን መርፌ ስም ታጠፋለህ? ዳግመኛ ስለሱ ብትተነፍስ ከዚህ አትወጣም።»

የቀበሌው እስር ቤት የድሮ እህል መጋዘን ነው። ከመጣበባችን የተነሳ በጎናችን ነበር የምንተኛው። አንድ ቀን ከሽሮ ሜዳ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ አመጡ። ሲያስገቧቸው የግቢው ውሻ ነክሷቸው ስለነበር በየጠዋቱ ጠባቂ ለመርፌ ይወስዳቸዋል። እኔም ልማዴ አልለቀቀኝም።

«አባባ፣ እስቲ በተረከዝዎ ይራመዱልኝ» እላቸዋለሁ ገና ሳይወጡ። እግሩ የዛለ ሰው በተረከዙ ሲሄድ ጣቶቹን ማንሳት ያቅተዋል።

እስረኛው ሁሉ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ መንገድ ይለቅላቸዋል። እግር መዘርጊያ በሌለበት ክፍል!

«ሙሽራ አደረጋችሁኝ እኮ» እያሉ ይስቃሉ።

በአሥራ አንደኛው ቀን አልሳቁም። የግራ እግራቸው ጣቶች ሲሚንቶውን ፋቁት።

«ልጄ፣ መርገጫውን የምረግጥበት እግር ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። ሸማኔ ያለ እግሩ እንጀራ የለውም።

ፈራሁ፤ አልዋሽም። ግን በሩን አንኳኳሁ።

«ጓድ፣ ዛሬ መርፌውን እንዳይወጓቸው። መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው።»

«አንተ ስለ መርፌ እንዳትናገር ተብለህ የለም?» አለ ጠባቂው።

«ተብያለሁ። ግን የነከሳቸውን ውሻ ይስሙት። አብዶ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ሞቶ ነበር፤ መርፌው አያስፈልጋቸውም።»

ውሻው አጥሩ ጥግ ይጮሃል። ጠባቂው ወደ ውሻው ዞሮ አየና «እስቲ ይራመዱ» አለ። ሁላችንም ግድግዳው ላይ ተለጠፍን። እግራቸው ሲጎተት ጠባቂው ራሱ ሮጦ ክንዳቸውን ያዘ።

ከሰዓት በኋላ ብቻውን ተመልሶ ወረቀትና እርሳስ ሰጠኝ።

«ሐኪሙ መርፌውን አቁሞ ሆስፒታል አስተኝቷቸዋል። ሕመሙ እንዴት እንደጀመራቸው ጻፍ ብሎሃል።»

በመጻፍ ለታሰረ ሰው! ቀኑን፣ ስንተኛው መርፌ ላይ እንደነበሩ፣ የትኛው እግር እንደሆነ ጻፍኩ። ከታች ስሜን፣ ከስሜ ቀጥሎ «ድሬሰር» ብዬ ፈረምኩ። እስረኛ አላልኩም።

ስፈታ ሽሮ ሜዳ ሄጄ ፈለግኳቸው። የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ ተቀምጠው ጋቢ ይሠራሉ። ጋቢውን ትቼ እግራቸውን ሳይ ነቁብኝ።

«በግራው ነው የምረግጠው» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «አሁን ይህንንም ጻፈው።»

ዛሬ የሚሰጠው መርፌ ሌላ ነው። የእኔን ወረቀት ማን እንዳነበበው አላውቅም፤ የተወሰደው ደብተሬም አልተመለሰልኝም። በዚያው ቀን ከሽሮ ሜዳ ስመለስ የገዛሁት አዲስ ደብተር ግን እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ግራ እግር። ድኗል።»