የእትዬ ዘነበች ነጠላ

ባለፈው ሳምንት ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ ሥዕል ልማር ነው፤ አስተማሪውን በብርሃንና በጥላ የሚደርስበት የለም ይሉታል» አለችኝ። ስሙን ስትጠራው ማኪያቶው ትን አለኝ። ይሄ ሰውዬ አሁንም ያስተምራል? ጉድ ነው!

እኔን ያስተማረኝ በሰማንያዎቹ አጋማሽ ቦሌ ሚካኤል ነው፣ በክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው። ራሱን «ማስትሮ» የሚያስጠራ፣ በዚያ ሁሉ ጭቃ ነጭ ሱሪ ለብሶ የሚንጎራደድ ጉረኛ! የከሰል ሥዕል የሚጠፋው በዳቦ ልብ ስለሆነ ዳቦ ይዘን እንሄዳለን፤ ግማሹን ግን እንበላዋለን። ከመካከላችሁ አንዱን ለሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቀርባለሁ ብሎን ስለነበር፣ ያን ዕድል ብዬ ጉራውን ሁሉ ቻልኩት።

አንድ ቀን የተሸፈነ ራስ እንድንስል የሚያስተምርበትን ቤት አከራይ እትዬ ዘነበችን አስቀመጠልን። ባለቤታቸው አሰብ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ መመለሻቸው አልፎ ወሬያቸው ጠፍቷል። ማስትሮ መጋረጃውን ዘጋና የሴትዮዋን ነጠላ ገልብጦ ጥለቱን ወደ ላይ፣ ፊታቸው ዙሪያ አደረገው። ልክ ለቅሶ ቤት እንደሚለበሰው!

«ልጄ፣ ይሄማ የሐዘን ነው። ሰውዬው መንገድ ላይ ናቸው፤ አታሟርትብኝ» አሉት። ፊታቸው ጠቆረ።

«ዝም ይበሉ እትዬ፣ ሞዴል አይናገርም። ጥለቱ ብርሃን ይይዝልኛል» አለና አምፖሉን ማስተካከል ጀመረ።

እርስ በርስ ተያየን። ይህን የማያውቅ ሰው ሰፈሩ ውስጥ የለም፤ እሱም ያውቃል፣ ግን ምን ገዶት! ያን ጊዜ ናቅሁት። ተነስቼ ነጠላቸውን መልሼ ገለበጥኩላቸው።

«ውጪ!» ብሎ ጮኸብኝ። «ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሚባለውን እርሺው!»

«እሷ ከወጣች እኔም ወጣሁ» አሉና እትዬ ዘነበች ተከተሉኝ። ከኋላችን የቀሩትን ተማሪዎች «ወንበሩን ሳሉ!» ሲላቸው ሰማሁት። ወይ ማስትሮ!

ባለቤታቸው ከሰንበት በኋላ በሰላም ገቡ፤ ጎርፍ መንገድ ዘግቶባቸው ነው የቆዩት። እኔ ግን ሠዓሊ አልሆንኩም። አይቆጨኝም ብል ውሸት ነው፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ይህን ሁሉ ሰምታ «እና ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ?» አለችኝ የእህቴ ልጅ።

«እንደፈለግሽ» አልኳት። «ግን ዓይኑ እያየ የሰው ፊት ሲጠቁር አምፖል የሚያስተካክል ሰውዬ፣ ስለ ጥላ ምን ያስተምርሻል?»