ስም ሳይጠራ የሚጠይቀው ምሳው

ምሳውን ያወቅሁት ገና ልጅ ሳለ፣ ከጋዝጊብላ ወደ ሰቆጣ ከተማ ለትምህርት መጥቶ ጎረቤቴ ቤት ሲከራይ ነው። እናት አባቱ ቤት የሚነገረው ኽምጥኛ ስለሆነ አማርኛ ሲናገር ቀስ ይላል። ባሕር ዳር ኮምፒውተር ተምሮ ሲመለስም ያው ቀስተኛው ምሳው ነበር። እህል የሚያድል አንድ ድርጅት ቀጠረው። እኔ የድርጅቱን መጋዘን እጠርግ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነውና፣ ስለ ኮምፒውተሩ የምጽፈው እሱ ሲያስረዳኝ ጆሮዬ ላይ የቀረውን ነው።

ኮምፒውተሮቹ ሁለት ነበሩ። የቢሮው አዲስ ነው፤ የማን ድርሻ ስንት እንደሆነ የሚያወጣው የምሳው ሥራ እዚያ እንደ ኢንተርኔት ገጽ ሆኖ፣ ቀለም ኖሮት ይከፈታል። የመጋዘኑ ግን አሮጌ ነው። ገጽ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ጥቁር መስታወት ላይ ነጭ ጽሑፍ ያሳይና ወደ ማተሚያው ይልካል። ምሳው መጀመሪያ ለሁለቱም የየራሳቸውን ጻፈላቸው። የቢሮውን ሲያርም የመጋዘኑ ሳይታረም ቀረና፣ ወንዝ ተሻግረው ከሰሃላ በኩል የመጡ ሰዎች ድርሻ የላችሁም ተብለው ባዶ አህያ ነድተው ተመለሱ።

ያን ሰሞን ፊቱ አልፈታ አለ።

«እትዬ ሰገነት፣ ከእንግዲህ ሁለት አልጽፍም» አለኝ። «አንድ እጽፋለሁ፤ የትኛው ቤት እንደገባ ራሱ ይወቅ። የምጽፍበት የኮምፒውተር ቋንቋ፣ ጃቫስክሪፕት፣ በሁለቱም ቤት ይሠራል።»

በዘጠና አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ሲገባ፣ እነዚያው ሰዎች እንደገና መጡ። ከመካከላቸው ቦሰና የምትባል ሴት ልጆቿን ወንዙ ማዶ ትታ ነበር፤ ቤት ውስጥ የሚቆረጥም እንኳ አልነበረም። ተራራው ላይ ደመናው ጠቁሯል። ወንዙ ከሞላ ቀናት ይዘጋል፤ እህሉ ወዲህ፣ ልጆቹ ወዲያ ይቀራሉ።

የመጋዘኑ ኃላፊ ወልደ ገብርኤል ቁልፉን ጨብጦ በሩ ላይ ቆመ። «ከኮምፒውተሩ ያልወጣ ወረቀት አልቀበልም። ያለፈውን አይተነዋል» አለ። አልፈረድሁበትም።

ምሳው አዲሱን ሥራ አስነሳው። አንድ መስመር ታየና ቆመ።

«ምን ይላል?» አልኩት።

«የማላውቀውን ጠራህብኝ ይላል። ገና ሲነሳ ገጹን ይጠራል፤ እዚህ ደግሞ ገጽ የለም።»

ጎንበስ ብሎ ‹ገጹ ካለ ብቻ› የሚል ነገር ጨመረበት። አሁንም ወደቀ። ላቡ ጠብ ጠብ አለ። «መኖሩን ስጠይቅም ስሙን መጥራቴ አልቀረም። ሲጠራ ይሞታል።»

ከውጭ አንድ ሽማግሌ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «አንተ ምሳው፣ ሳጥንህ ጾም ይዟል እንዴ? ፍስክ እስኪገባ ልንጠብቅ ነው?»

ሰው ሳቀ። ቦሰና አልሳቀችም። «እናንተ ቀልዱ» አለች ሰማይ ሰማይ እያየች። «ወንዙ ቀልድ አያውቅም።» ነጎድጓዱ አጉረመረመ።

በዚህ መሐል ደጅይጥኑ የሚባል የአገራቸው ሰው፣ ሁመራ ሰሊጥ ሲያርምና ሲያጭድ ዓመታት ቆይቶ፣ ዱላውን በትከሻው እንዳጋደመ ብቅ አለ። እናቱ አሮጊት ናት። ‹እናቴስ?› ግን አላለም። በኛ አገር ርቆ የከረመ ሰው ስም ጠርቶ አይጠይቅም፤ የጠራው ሰው ሞቶ ቢሆን መርዶው መንገድ ላይ ይወድቅበታላ።

«አገሩ እንዴት ነው? ከብቱስ? ቤቱስ?» አለ፤ ጥቁር የለበሰ እንዳለ ለማየት ዓይኑ ከሰው ሰው ይዞራል።

ቦሰና ገባት። «ቤቱ ደህና ነው። እናትህም ደህና ናት፤ ግባ ወዲህ» አለችው።

ምሳው በመስኮቱ ያይ ነበር። እጁ ቆመ። ከዚያ ያቺን መስመር ደምስሶ ሌላ ጻፈ። ኋላ እንዳስረዳኝ፣ ነገሩን ሳይጠራ ‹ምን ዓይነት ነው?› ብሎ ብቻ የሚጠይቅ ቃል በቋንቋው ውስጥ አለ። የተጠየቀው ከሌለ ‹አይታወቅም› ይላል እንጂ አይወድቅም። ቃሉን ተምሮት ነበር፤ ምን ያደርግልኛል ብሎ ትቶት ኖሯል።

ማተሚያው መጮህ ጀመረ። ወልደ ገብርኤል ወረቀቱን አየና በሩን ከፈተ። ጆንያው አህያ ላይ ሲጫን የመጀመሪያው ጠብታ አፈሩን መታው። እየሮጡ ሄዱ። ወዲያው ተራራው በዝናብ ተጋረደ።

መድረሳቸውን ማን ይንገረን? ስልክ የለ። ምሳው በየቀኑ ሥራ ሳይኖረው መጋዘን ይመጣል፤ መጥረጊያዬን ተቀብሎ የተጠረገውን ይጠርጋል።

ወንዙ ከጎደለ በኋላ፣ በገበያ ቀን ቦሰናን ከሩቅ አየናት፤ ብቻዋን ናት። ምሳው ሮጦ ሄደና አጠገቧ ሲደርስ ቀጥ አለ። ዓይኑ ነጠላዋ ላይ ነው።

«እንዴት ከረማችሁ? ዝናቡስ? አህዮቹስ?» አላት።

እሷም ሳቀች። «አይዞህ፣ ውሃ የወሰደው የለም። ያገኘው የመጨረሻዋን አህያ ጭራ ነው።»

ምሳው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። የልጆቿን ስም እየጠራ የጠየቃት ከዚያ በኋላ ነው።