ያላባረርኳቸው ዶክተር

ነገሩ የሆነው አምና፣ የፋሲካ ገበያ ደርቶ መርካቶ ሸማ ተራ እግር ማሳረፊያ በጠፋበት ሰሞን ነው። ዛሬም ድረስ ሱቄ የሚመጣ ሰው ነጠላ ከመምረጡ በፊት "ያን ዶክተር ጎትተሽ ያስወጣሽው አንቺ ነሽ አይደል?" ይለኛል። ለእያንዳንዱ ከማስረዳ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። እኔ ማንንም ጎትቼ አላስወጣሁም።

አስካለ እባላለሁ። ነጠላ፣ ጋቢና የሀበሻ ቀሚስ እሸጣለሁ፤ ሱቁን የተረከብኩት ከእናቴ ነው። የእኛ ሥራ መዘርጋትና ማጠፍ ነው። ደንበኛ ሁሉንም አስዘርግቶ አንዱንም ሳይገዛ ይሄዳል፣ እኛ መልሰን እናጥፋለን። እጅ እየሠራ ጆሮ ሥራ ሲፈታ ቀኑ አይገፋም። ስለዚህ መደርደሪያው ላይ ትንሽ ስፒከር አስቀምጬ ፖድካስት እሰማለሁ።

የምሰማው የሁለት ወጣቶች ፕሮግራም ነው። በየሳምንቱ አንድ ታዋቂ ሰው ያነሳሉ፤ ምሁር፣ ደራሲ ወይም የቴሌቪዥን ተንታኝ። ምን አለ፣ ምን አጠፋ፣ ሚዲያው ለምን አሞገሰው፣ ለምንስ አሁን ዝም አለ እያሉ ይበልቱታል። ጨዋታ ያውቁበታል። ከእኔ ቀጥሎ ያሉት የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ከድርም ይሰማሉ። ሱቆቻችንን የሚለየው ስስ ጣውላ ስለሆነ የእኔ ስፒከር የእሳቸውም ነው። "አስኩ፣ ድምፁን ጨመር አርጊው!" ይሉኛል። ከዚያ እኔ ወዲህ እሳቸው ወዲያ ሆነን ስንከራከር እንውላለን።

ያን ሰሞን የተከራከርነው በአንድ ዶክተር ጉዳይ ነበር። ስማቸውን አልጠራም። በቴሌቪዥን ስለ ባህልና ታሪክ ሲናገሩ ብዙ ሰው የሚያዳምጣቸው ናቸው። ስለ ሸማ ሥራ መጽሐፍ አሳትመውም በጣም ተጨብጭቦላቸው ነበር። በኋላ ሰላማዊት የምትባል የድሮ ተማሪያቸው "ጥናቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ስሜ ግን በምስጋናው ገጽ ላይ እንኳ የለም" ብላ ሶሻል ሚዲያ ላይ ጻፈች። ሁለቱ ልጆች ጉዳዩን አንስተው ሳምንት በሳምንት አብጠለጠሉት። "ሌባው ዶክተር" የሚል ስም የወጣላቸው ያኔ ነው።

እኔ ልጅቷን አምኛታለሁ። አውቃታለኋ! ከዓመታት በፊት መቅረፀ ድምፅ ይዛ ሸማ ተራ ስትመላለስ ከርማለች። እናቴን፣ እኔን፣ ሸማ የሚያመጡልንን ሸማኔዎች ሁሉ ቁጭ ብላ ጠይቃለች። ዶክተሩን ግን ከቴሌቪዥን ውጭ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ይህን ለሐጂ ስነግራቸው፣

"መምህር ተማሪውን ይልካል። ሥራው የላኪው ነው" ይሉኛል።

"ታዲያ ፈትል ያቀበለ ሁሉ ሸመንኩ ይላል እንዴ ሐጂ?" እላቸዋለሁ።

ይስቃሉ እንጂ አይረቱም። ዶክተሩን አጥብቀው ይወዷቸዋል።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ኮፍያ የደፉ፣ ማስክ ያደረጉ ሰውዬ ሱቄ ገቡ። "ለእናቴ ጋቢ ፈልጌ ነበር" አሉኝ። ድምፁን እዚያው አወቅሁት። ጋቢውን ወደ ብርሃን ይዘው ለማየት ማስካቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ደግሞ ፊታቸውንም አየሁት። ስፒከሬ በዚያች ሰዓት መዝሙር እያሰማ መሆኑ የእግዜር ሥራ ነው።

እንዳላወቅኋቸው ሆንኩ። ደንበኛ ደንበኛ ነው። ሌላ ጋቢ ላወርድላቸው ዞር ስል ግን ነጠላ ስትመርጥ የነበረች አንዲት ሴት "ውይ! ሌባው ዶክተር!" ብላ ጮኸች።

በበዓል ሰሞን መርካቶ ውስጥ "ሌባ" ብሎ መጮህ ምን እንደሚያስከትል መርካቶን የሚያውቅ ያውቀዋል። መንገድ ላይ ያለው ሰው "ዶክተር" የሚለውን አይሰማም። የሚሰማው "ሌባ" የሚለውን ብቻ ነው።

በአንድ አፍታ የሱቄ በር በሰው ተዘጋ። "የታለ?" "ምን ወሰደ?" "የማንን ቦርሳ ነው?" ይላል የሚመጣው ሁሉ። ገሚሱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ሴትየዋ ደንግጣ ሹልክ ብላ ወጣች። በእሷ ፈንታ የማላውቃቸው ጎረምሶች የዘረጋሁትን ቀሚስ እየረገጡ ገቡ። አንደኛው እጁን ከፍ አድርጎ ነበር።

ዶክተሩ ፊታቸው አመድ መስሏል። ቢሆንም ኮታቸውን አስተካከሉና "ቆይ፣ ወጥቼ ላስረዳቸው" ብለው ወደ በሩ ተራመዱ።

ሊያስረዱ! ንግግር ሊያደርጉ የተጠሩ መስሏቸው ነው መሰለኝ። እዚያ ሰው መሀል ቢገቡ ማንም አፋቸውን እስኪከፍቱ አይጠብቃቸውም ነበር። በሩ ላይ ደርሼ የኮታቸውን እጅጌ ጨምድጄ ያዝኩ። በሌላው እጄ ጎረምሶቹን እየገፋሁ "ውጡ! ከሱቄ ውጡ!" ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ከእናቴ የወረስኩት ነው፤ አንዴ ከወጣ አንዋር መስጊድ ድረስ ይሰማል። ጎረምሶቹ ደንግጠው አፈገፈጉ። እኔም ዶክተሩን ወደ ውስጥ ሳብኩና የብረት መዝጊያውን አውርጄ ከውስጥ ቆለፍኩ።

ውስጡ ጨለመ። ውጭ ብረቱን ይደበድባሉ። ከጣውላው ማዶ ሐጂ ተጣሩ።

"አስኩ! ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ ሐጂ። በእርስዎ በኩል ሰው ላሳልፍ ነው።"

"ማንን?"

"የሚወዱትን ሰው።"

ከመደርደሪያዬ ጀርባ ወደ ሐጂ መጋዘን የምታስገባ ትንሽ በር አለች። የመጋዘኑ መውጫ ደግሞ በወዲያኛው መንገድ ነው። ችግሩ በሐጂ በኩል በሯ ላይ የጨርቅ ጥቅል ተከምሮባታል። እሳቸው ያንን እስኪያነሱ ዶክተሩን በርጩማ ላይ አስቀምጬ ውሃ ሰጠኋቸው።

"እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አሉኝ። "ቢያንስ አንቺ እውነቱ ገብቶሽ..."

"ኧረ እኔ የማምነው ሰላማዊትን ነው" አልኳቸው። "እዚች በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ እናቴን ስትጠይቅ አይቻታለሁ። እርስዎን ዛሬ ገና ማየቴ ነው። የደበቅኩዎት ሱቄ ውስጥ ሰው እንዳይደበደብ ብዬ ነው።"

የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። ግን አቀርቅረው፣ የብረቱ ድብደባ በሚውጠው ድምፅ፣ "ስሟ ከስሜ ጎን መኖር ነበረበት" አሉ። "ረስቼው አይደለም። አውቄ ነው የተውኩት።"

"ታዲያ ለምን እንዲህ ብለው አይናገሩም?"

"አሁን? አሁን ብናገርማ ይዘነጣጥሉኛል።"

"ከዚህ የባሰ?" አልኳቸው ወደ መዝጊያው እየጠቆምኩ።

"ለማንኛውም ይህን ለእኔ ከሚነግሩኝ ለልጅቷ ይንገሯት" ስላቸው ሐጂ በሯን ከፈቱ። ጥቅል ሲያነሱ ስለነበር ከተባባልነው አንዱንም አልሰሙም። ዶክተሩን ሲያዩ "አህለን! አህለን ዶክተር!" ብለው ወንድማቸውን ያገኙ ያህል ተጠመጠሙባቸው። ዶክተሩ ሲያዩት የነበረውን ጋቢ አከናነብናቸው። ሐጂ ክንዳቸውን ይዘው፣ የታመመ አማት እንደሚደግፍ ሰው እየተንከባከቡ፣ በወዲያኛው መንገድ አውጥተው ታክሲ አሳፈሯቸው።

እኔ መዝጊያውን ብድግ አደረግሁት። ጥቂት ሰዎች አሁንም ቆመዋል። "ሌባው የታለ?" አለኝ አንዱ።

"ሌባ የለም። ጋቢ የሚገዛ ካለ ይግባ!" አልኩ። ተበተኑ።

በዚሁ ያበቃ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን ግን እህቴ ደውላ "አንቺ ሴት፣ ታዋቂ ሆነሻል!" አለችኝ። ለካ ከተቀረጹት አንዱ አጭር ቪዲዮ ተለቋል። የሚጀምረው እኔ የዶክተሩን እጅጌ ጨምድጄ በሩ ላይ ስቆም ነው። የሚያልቀው "ከሱቄ ውጡ!" ስል ነው። ጎረምሶቹ አይታዩም። መዝጊያው ሲወርድም የለም።

የምወዳቸው ሁለቱ ልጆች ደግሞ ሙሉ ፕሮግራም ሠሩበት። "ሚዲያው ያልደፈረውን የመርካቶዋ ነጋዴ ደፈረችው" ይላል በረከት የሚባለው። "ምሁሩን በኮቱ ይዛ ከሱቋ አባረረችው። ሕዝብ እንዲህ ነው የሚፈርደው!" እኔ ቀሚስ እያጠፍኩ ስለ ራሴ እሰማለሁ። ጣውላው ማዶ ሐጂ በሳቅ ይፈርሳሉ።

ከዚያ ሱቄ ሞላ። እንዲህ ያለ ገበያ አይቼ አላውቅም። ሰው ከእኔ ጋር ፎቶ ይነሳል፣ "ጀግና ነሽ" ይለኛል፣ ነጠላ ይገዛል። "አይ፣ እንደዚያ አይደለም" ብዬ ልጀምር ስል የሚሰማኝ የለም። እህቴማ "አፍሽን ያዢ! ምን ጎደለብሽ? በዓል ነው፣ ሽጪ!" ብላ ተቆጣችኝ። እውነቷን ነው፣ ምንም አልጎደለብኝም ነበር።

አንድ ጥሩ የለበሰ ሰውዬ፣ ከሚስቱና ከሴት ልጁ ጋር የመጣ፣ እያሳቀን እየተጫወተ ቀሚስ ሲመርጥ ቆየ። ሲሄድ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና "ጎበዝ! እኔ ብሆን ግን በእርግጫ ነበር የማስወጣው" አለኝ። ልጁ ሳቀች። እንደገና የዚያ ብረት ድብደባ ተሰማኝ። እኔ ሰው እንዳይመታ ብዬ የጮህኩት ጩኸት ለመምቻ ሲያገለግል ዝም ልበል? ፕሮግራሙ አድማጭ የሚደውልበት ቁጥር አለው። ደወልኩ።

ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ወዲያው እየቀረጹ አስገቡኝ።

"እንኳን ደህና መጣሽ ጀግናችን!" አለ በረከት።

"እስቲ ቆይ ልጄ። እኔ ያባረርኩት ዶክተር የለም።"

"እንዴ! 'ውጡ' ስትያቸው በግልጽ ይሰማል እኮ።"

"'ውጡ' ያልኩት የገቡብኝን ጎረምሶች ነው። ዶክተሩን ቢሆን 'ይውጡ' ነበር የምለው። እናቴ ትልቅ ሰው አንቱ ማለት አስተምራ ነው ያሳደገችኝ።"

ሁለተኛው ልጅ "ታዲያ እጅጌያቸውን ለምን ያዝሽ?" አለ።

"እንዳይወጡ ነዋ!"

ሁለቱም ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። በረከት ግን ቶሎ ተመለሰ። "ስለዚህ ንጹህ ናቸው ነው የምትይው?"

"እንደዚያ አልወጣኝም። ልጅቷ ስትሠራ ያየሁ ሰው ነኝ፤ እሷን ነው የማምነው። ግን የማላምነውም ሰው ቢሆን ሱቄ ውስጥ አይደበደብም። የቆረጣችሁት ቪዲዮ ይህን አይናገርም።"

"እኛ አይደለንም የቆረጥነው" አለ።

"አልጠየቃችሁም ግን። ሸማ ተራን ማን ያጣዋል? መጥታችሁ ብትጠይቁኝ እነግራችሁ ነበር።"

ከዚያ የፈራሁትን ጠየቀኝ። "ውስጥ ስትሆኑ ምን አሉሽ? ስለ መጽሐፉ የተናገሩት ነገር አለ?"

"ካለ ራሳቸው ይንገሯችሁ። ተደብቆ የተናገረን ሰው አሳልፌ አልሰጥም" አልኩና ገበያ ላይ ነኝ ብዬ ዘጋሁት።

ልጆቹ የተናገርኩትን አንድ ቃል ሳይቆርጡ አስተላለፉት። ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። ሰው ግን ተገለበጠብኝ። "ተገዝታ ነው" ያለ አለ፣ "ዘመዱ ናት" ያለ አለ። ፎቶ የሚነሳው ቀረ፣ ገበያውም ቀዘቀዘ። ሐጂ ደግሞ በተቃራኒው ደስ ብሏቸው "አየሽ፣ ንጹህ ናቸው!" እያሉ ሲሟገቱኝ እኔ የማውቀውን እያወቅሁ ጥርሴን ነክሼ ዝም እላቸዋለሁ።

በዓሉ ካለፈ ሰንበትበት ብሎ ዶክተሩ ራሳቸው እዚያው ፕሮግራም ላይ ቀረቡ። "ስሟን አውቄ ነው የተውኩት" አሉ፣ ለእኔ እንዳሉኝ። ይቅርታ ጠየቁ። መጽሐፉ እንደገና ሲታተም የሁለቱም ስም እንደሚኖርበት ተናገሩ። እኔም አሁን መጻፍ የቻልኩት ለዚህ ነው።

ሐጂ በጣውላው ማዶ ሆነው "አስኩ፣ ይህን ታውቂ ነበር?" አሉ። "አውቅ ነበር።" "እያወቅሽ ነው ያን ሁሉ ያስለፈለፍሽኝ?" ለቀናት አኮረፉኝ። በኋላ ግን ራሳቸው መጥተው "ምስጢር ካለኝ ለአንቺ ነው የምነግረው" አሉኝ።

ከባዱ የሰላማዊት ነበር። አንድ ቀን ሱቄ መጣች። "እትዬ አስካለ፣ ያኔ አንድ ቃል ብትናገሪ ኖሮ እስከዚያ ድረስ ውሸታም አልባልም ነበር" አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "እኔ ብናገር የነጋዴ ወሬ ነው ተብሎ ይካድ ነበር፤ ከራሳቸው አፍ የወጣውን ግን ማን ይመልሰዋል?" አልኳት። ግማሹን የተቀበለችኝ ይመስለኛል። ሌላው ግማሽ መብቷ ነው፣ አልተከራከርኳትም።

ያም ሆኖ ዛሬ ቢደገም ያንኑ አደርጋለሁ። ሰው ስለዚያ ቀን ሲያወራ መዝጊያውን ማውረዴን ያደንቅልኛል። እሱ ምን ይደነቃል? ደንግጬ፣ ሳላስብ ያደረግሁት ነው። ለልጆቹ የደወልኩት ግን ሱቄ ጢም ብሎ፣ ሁሉም እያሞገሰኝ፣ እህቴ ተይ እያለችኝ፣ ምን እንደማጣ እያወቅሁ ነው። የምኮራው በእሱ ነው።